ከእንጦጦ የወረደ ፌስታል የት ይደርሳል?

(የመግቢያ ሙዚቃ)



የዛሬው ርእሳችን ፌስታል ነው። «አሁንም ፌስታል?» ብላችሁ ሬዲዮኑን ልትዘጉ እጃችሁን የሰደዳችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። አትጠቀሙ የሚለውን ስትሰሙ ኖራችኋል፤ አዋጅም ወጥቶበታል። ብዙ ጊዜ የማናነሣው የጣልነው ፌስታል መድረሻው የት ነው የሚለውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ከየካ ክፍለ ከተማ ተነሥተን፣ ውሃውን ተከትለን እንወርዳለን፤ ውሃው እስከሚያልቅበት ድረስ።

መነሻችን የእንጦጦ ተራራ ነው። ሸንተረሩ ከጉለሌ ጀርባ ጀምሮ የየካን ጀርባ ይዞ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት ከትመው የነበሩት እዚያ ላይ ነው። ለአብዛኞቻችን እንጦጦ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፣ ጸበል ነው፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፓርክ ነው። ለውሃው ግን እንጦጦ የቤት ጣሪያ ነው። ጣሪያ ላይ ያረፈ ሁሉ በአሸንዳ ወርዶ ግቢ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ተራራው ላይ የተጣለም ሰንብቶ ከተማው ውስጥ ይገኛል። ለእኛ ለየካ ሰዎች ዋናው አሸንዳ የቀበና ወንዝ ነው። ከእንጦጦ ይነሣል፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ይወርዳል፣ ቀበናን ያቋርጣል፣ ከነግንፍሌና ከባንተ ይቀጡ ጋር ይቀላቀልና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል።

ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ወደ ተራራው የሚወጣውን ሰው አስቡት። ሯጩ አለ፣ ለጤናው የሚራመድ አለ፣ ጸበል ቀጂው አለ፣ ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የወጣ አለ። ጸበል ቀጂዎቹን ለብቻ ላንሣቸው፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የእነሱ ሃይላንድና ጀሪካን ደጋግሞ ይሠራል፤ ዛሬ የቀዱበትን ነገ አጥበው ይዘውት ይመጣሉ። ዕቃውን የሚጥሉበት ምክንያት የላቸውም፣ ምክንያቱም የያዘው ነገር ክቡር ነው። የሽርሽሩ ሰው ግን በባዶ እጅ ወጥቶ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ ሁለት ሃይላንድ፣ ብስኩት በላስቲክ፣ ሙዝ በፌስታል። ተበልቶ ሲያልቅ የሚቀረው ነገር ሁሉ ቀላል ስለሆነ ነፋሱ ከመቅጽበት ይነጥቀዋል። ሆን ብሎ የሚጥል አለ፤ ሳያስበው ያመለጠውም አለ። ለወንዙ ሁለቱም አንድ ናቸው።

እስከ ግንቦት ድረስ ፌስታሉ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል። ፀሐዩ በዚያ ከፍታ ላይ ብርቱ ነው። ፌስታሉን ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል፣ ሲነኩት እስኪፈረፈር ያደርሰዋል። ያየ ሰው «በሰበሰ» ይላል። አልበሰበሰም። ቅጠል ሲበሰብስ ተሕዋስያን በልተውት አፈር ይሆናል። ፌስታሉ የተሠራበትን ነገር ግን ተሕዋስያን በቀላሉ ሊሰብሩት ስለማይችሉ የሚሆነው ማነስ ብቻ ነው፤ አንዱ መቶ ቁራጭ፣ መቶው ሺህ፣ ሺሁ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል። ያ ብናኝም ያው ፕላስቲክ ነው። ከአፈር፣ ከውሃና ከአየር የሚለየው የለም።

ሰኔ ግም ሲል ጎርፉ ይመጣል። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ተራራው ላይ ሲከርም የቆየውን ጠራርጎ ያወርዳል። መንደር ውስጥ ሲደርስ ሾላ ገበያና መገናኛ አካባቢ፣ ኮተቤም ላምበረትም ከየጉልቱ የተጣለው ይጨመርበታል። ከዚያ የመንገድ ዳር ቱቦ ውስጥ ይገባል። አንድ ፌስታል ብቻውን ቱቦ አይዘጋም። የሚዘጋው የሚጠራቀምበት ነው፤ ፌስታሉ አንድ ቦታ ተይዞ ይወጠርና አሸዋው፣ ቅጠሉ፣ የሽንኩርት ልጣጩ፣ የተጨመደደው ሃይላንድ እሱ ላይ ይከመራል። በአንድ ከባድ ዝናብ ውሃው መውረጃ አጥቶ አስፋልቱን ይሻገርና ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ውስጥ ይገባል። ጠዋት ባልዲ ይዘው ከቤታቸው ውሃ የሚጨልፉት ብዙውን ጊዜ ፌስታሉን የጣሉት ሰዎች አይደሉም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ባንግላዴሽ በዓለም ላይ ስስ ፌስታልን በሕግ ለመከልከል የመጀመሪያዋ ሀገር የሆነችው በፈረንጆቹ 2002 ነው። ያን ያህል ሀብታም ሆና፣ ወይም ከሌላው የተለየ የአካባቢ ፍቅር አድሮባት አልነበረም። በ1988 እና በ1998 በደረሱባት ታላላቅ ጎርፎች የከተሞቿ የውሃ መውረጃ በፌስታል ተዘግቶ ስለነበር ጉዳቱ በእጅጉ እንደባሰ ስላየች ነው። ዝናቡ አስተማራት ማለት ይቻላል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መንገዳችንን እንቀጥል። ከቱቦ ያመለጠው ፌስታል ወንዝ ገባ፣ ወንዙም አቃቂ ደረሰ። በአቃቂ ዙሪያ ገበሬዎች በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ ያመርታሉ፤ ምርቱም ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ገበያዎች ይመጣል። ከዚያ በታች አባ ሳሙኤል ሐይቅ አለ። በሀገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው እዚያ ነው፤ ለአሠርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል። ሐይቁ ዛሬ የከተማዋ ደለልና ቆሻሻ መጠራቀሚያ ነው፤ ውሃው ላይም እምቦጭ ተንሰራፍቶበታል። የአቃቂ ውሃ ከአባ ሳሙኤል ሲወጣ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። አዋሽ በ1952 ዓ.ም. በተጠናቀቀው በቆቃ ግድብ ያልፋል፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፣ ወደ አፋር ይወርዳል፣ በገዋኔ፣ በዱብቲ፣ በአሳይታ አድርጎ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል።

ያልቃል ስል እውነቴን ነው። አዋሽ ባሕር አይገባም። ዓባይ ቢሆን የወሰደውን ይዞ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አዋሽ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚጠፋ ወንዝ ነው፤ ውሃው አቤ ሐይቅ ላይ ይተንና የተሸከመው ነገር ይቀራል። ከየካ የወጣ ፌስታል ከመንገዱ የትኛውም ቦታ ላይ ቢቆም፣ ቱቦ ውስጥም ሆነ ጎመን ማሳ ውስጥ፣ አባ ሳሙኤልም ሆነ ቆቃ፣ የአፋር ግጦሽ ላይም ቢሆን፣ የሚቆመው የአንድ ኢትዮጵያዊ ውሃ፣ ከብት ወይም እርሻ ላይ ነው። ከቤታችን አውጥተን ጣልነው እንላለን እንጂ ከሀገር አላወጣነውም።

ስለ ፕላስቲክ የሚሠሩ የውጭ ፊልሞች የባሕር ኤሊና ዓሣ ነባሪ ያሳዩናል። ያሳዝናሉ፤ ግን ሩቅ ናቸው፣ ባሕርም የለንም። ለእኛ ቅርቧ ላም ናት። ካራሎ የከብት ገበያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮተቤ ወይም ፈረንሳይ አካባቢ ገንዳ ሥር የምታመሰኳ ላም ወይም በግ ያላየ የለም። ከብት ምግቡን በእጁ ለቅሞ አይበላም። የድንች ልጣጭ ያለበት ፌስታል ሲያገኝ ከነፌስታሉ ነው የሚውጠው። ጨጓራዋ ውስጥ የገባው ፌስታል አይፈጭም፣ ወደ ታችም አያልፍም፤ እየተጠቀለለና እየጠበቀ ቦታ ይይዛል። ላሚቱ የጠገበች ይመስላታል፤ ባለቤቷ ደግሞ ምን ነካብኝ እያለ ሲጨነቅ እሷ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ሲብስም ትሞታለች። ለዱለት ጨጓራ ያጠባችሁ እናቶች፣ በውስጡ የተቋጠረ ፌስታል ወይም ገመድ ያገኛችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ።

«እኔ እኮ ወንዝ ውስጥ አልጥልም፤ ለጽዳት ማኅበሩ ልጆች ነው የምሰጠው» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ አደረጋችሁ። ለዚህም ከውሃ ክፍያችሁ ጋር ተደምሮ ትከፍላላችሁ። ቆሻሻው በጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ በመኪና ወደ ረጲ ይሄዳል፤ ሁላችንም ቆሼ ብለን ወደምንጠራው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ገድሏል። ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ቤት ቀልሰው የሚኖሩ፣ ከእኛ ቆሻሻ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ለቅመው የሚተዳደሩ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል። ማመንጫው የክምሩን እድገት ይቀንስ ይሆናል፤ የከተማችን ቆሻሻ ግን አብዛኛው እርጥብ የምግብ ተረፈ ምርት ነው፣ እርጥብ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይነድም። ስለዚህ በትክክለኛው መንገድ የተጣለ ፌስታልም ቢሆን መጨረሻው ማማሩ አጠራጣሪ ነው። በዓለም ደረጃም ቢሆን ሁኔታው ብዙ አይለይም። በፈረንጆቹ 2017 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት እስከ 2015 ድረስ ቆሻሻ ከሆነው ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ አገልግሎት ላይ የዋለው 9 በመቶው ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

እዚህ ላይ ሃይላንድንና ፌስታልን እንለያያቸው፤ ብዙ ጊዜ ተደበላልቀው ይነገራሉ፣ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። ሃይላንድ ገበያ አለው። ቆራሊዮው በየመንደሩ እየጮኸ ሲያልፍ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ ይገዛል ወይም ይለቅማል። ጀሪካኑና ቆርቆሮው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል፤ ሃይላንዱም እየተጨፈለቀ ለፋብሪካ ይሸጣል። አዲስ አበባ ውስጥ የተጣለ ፕላስቲክን ወደ ግንባታ ቁሳቁስ የሚቀይር ኩቢክ የተባለ ድርጅትም ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ ሃይላንድ በእጃችሁ ከገባ ጠብታውን አፍስሱ፣ ጨፍልቁት፣ ለብቻው በማዳበሪያ አስቀምጡና ለሰብሳቢው ስጡ። ከምግብ ትራፊ ጋር የተቀላቀለ ሃይላንድ ግን ዋጋ ያጣል፤ የሚያጥበው የለም።

ፌስታል ገበያ የለውም። ቆራሊዮው አይፈልገውም፣ ወቀሳም አይገባውም። አንድ ኪሎ ለመሙላት መቶዎቹን መልቀም ይጠይቃል፤ የተለቀመውም ጭቃና ወጥ የነካው ስለሆነ ታጥቦ ደርቆ ለፋብሪካ እስኪበቃ የሚያስከትለው ወጪ ከዋጋው ይበልጣል። ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ለፌስታል የሚያስብለት ማንም የለም። ስለዚህ ፌስታልን የምንከላከልበት አንድ ቦታ ብቻ አለን፤ እጃችን ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ገበያው ላይ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሕጉስ ምን ይላል? ፌስታልን የሚመለከት አዋጅ አዲስ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። እውነቱን እንነጋገር፤ ያንን አዋጅ በገበያ ላይ ማንም አላየውም። ጉልት ላይ የተቀመጠች እናት የፌስታል ውፍረት በምን ትለካለች? ቁጥሩን የሚያውቀው አምራቹ ነው፣ አምራቹን የሚቆጣጠር ደግሞ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ውፍረት መለካቱን ትቶ አንድ ጊዜ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ማምረትን፣ ማስመጣትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ከለከለ። ተጠቃሚው ግለሰብ ላይ ሳይቀር ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል፤ በአምራቹና በአስመጪው ላይ ያለው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ አዋጅ ከታች ወደ ላይ ከተተገበረ ይከሽፋል። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ 2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታልን ሲከለክሉ ማምረቻውንና የድንበር መግቢያውን አጥብቀው ያዙ፤ የኬንያ ቅጣት እስከ 4 ሚሊዮን ሺሊንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስር ይደርሳል። ቃሪያና ቲማቲም ሸጣ የምታድረውን ሴት 2,000 ብር መቅጣት ቀላል ነው፤ እሷ ሮጣ አታመልጥም። የፌስታል ጥቅል በመኪና የሚያመጣላት ሰው ካልተያዘ ግን ከቅጣቱ በኋላ ያለው ቀን ከቅጣቱ በፊት ካለው አይለይም። ገበያ ውስጥ «ፌስታል! ፌስታል!» እያሉ የሚሸጡት ልጆችም ነገ ምን ሸጠው እንደሚያድሩ መታሰብ አለበት።

አዋጁ የመንግሥት ነው፤ ወጥ ቤቱ ግን የእኛ ነውና አሁን እሱን እንየው። ሾላ ገበያ ለአንድ ሳምንት አስቤዛ የሄደ ሰው ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ሎሚው እያንዳንዱ በየፌስታሉ ተደርጎለት፣ መጨረሻ ሁሉም በአንድ ትልቅ ፌስታል ተጠቃሎለት ይመለሳል። ዘንቢል ብቻ መያዝ ግማሹን ችግር እንጂ ሙሉውን አይፈታም፤ ምክንያቱም ሻጯ ከልማድ የተነሣ መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ ትከትታለች፣ ከዚያ ዘንቢል ውስጥ። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ እያለ መናገር ያስፈልጋል፤ «እማማ፣ እዚሁ ዘንቢሉ ላይ ይገልብጡልኝ» ብትሉ ማንም አይቆጣም። ፌስታሉን የምትገዛው እሷ ናት፤ ከኪሷ ስለቀረላት ደስ ይላታል። ድንቹን ከታች፣ ሽንኩርቱን ከላይ፣ ቲማቲሙን በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ለብቻው ካደረጋችሁ አይፈርጥም።

እንጀራ ትልቁ ጥያቄ ነው። ከመንደር የሚገዛ ትኩስ እንጀራ በፌስታል ሲታሰር ላቡ ይመለስበታል፤ ቶሎ የሚሻግተውም ለዚህ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ትኩስ ወጥ ወይም ዘይት ያለው ነገር በፌስታል መውሰዱ ነው። ፕላስቲክ ሲመረት ለቀለሙና ለልስላሴው የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ፤ ሙቀትና ቅባት ሲገናኙ እነሱን ወደ ምግቡ ያወጣሉ። ጥቁሩ ፌስታል ብዙውን ጊዜ ምን እንደነበረ ከማይታወቅ ቀልጦ ከተመለሰ ፕላስቲክ ስለሚሠራ ለምግብ ጨርሶ አይሆንም። ለእንጀራው ሰፋ ያለ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ክዳን ያለው የእንጀራ ዕቃ ይዞ መሄድ፣ ለሥጋና ለወጥ ደግሞ ሳህን ወይም ምሳ ዕቃ መያዝ ሥጋ ቤቱም ምግብ ቤቱም የሚያውቀው ነገር ነው። እናቶቻችን መንገድ ሲወጡ አገልግል ይዘው ነበር የሚወጡት፤ እንጦጦ ላይ ለሽርሽር የምትወጡ ሰዎች አንዱን ከመደርደሪያ ላይ አውርዳችሁ ብትሞክሩት ፎቶውም ያምርላችኋል።

ሌላው አደገኛ ልማድ ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል ነው። ቶሎ ይያያዛል፣ ይገባኛል፤ ጠዋት ቡና ለማፍላት የቸኮለች ሴት ጭራሮ ፍለጋ አትሄድም። የፕላስቲክ ጭስ ግን መርዛማ ነው፣ በተለይ በዝግ ክፍል ውስጥ። ያን ጭስ የሚተነፍሱት ደግሞ በምድጃው ዙሪያ የሚቀመጡት እናትና ሕፃናት ናቸው። እናቶች ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው አምጥተው የሚሸጡት የባሕር ዛፍ ቅጠል ለዚህ ከፌስታል ይሻላል፤ ደረቅ ቅጠል ዘይት ስላለው እንደ ፌስታሉ ቶሎ ይያያዛል።

«ቆሻሻውን በምን ላውጣ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ተገቢም ነው። ፌስታሉን የምናስቀምጠው ለቆሻሻ ብለን ነውና። ለዚህ መልሱ ቆሻሻውን ከምንጩ መለየት ነው። እርጥቡን፣ ማለትም ልጣጩንና ትራፊውን፣ ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡ፤ በግ ያለው ጎረቤት ይወስደዋል፣ ግቢ ያላችሁ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ኮምፖስት አድርጉት። የቀረው ደረቅ ነው፤ ደረቅ ነገር ማዳበሪያ ውስጥ ቢከማች አይሸትም፣ ማዳበሪያውም ተራግፎ ይመለሳል።

አሁን ስለ ምትክ ቦርሳ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ጨርቅ የሚመስል፣ ሲነኩት ሻካራ የሆነ ቀለም ያለው ቦርሳ በየሱቁ ይሰጣል። ብዙው ጨርቅ አይደለም፤ ያው ፕላስቲክ ነው፣ በሌላ መንገድ የተሠራ። መጥፎ ነው አልልም፣ ደጋግመን ከሠራንበት። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በፈረንጆቹ 2011 ባወጣው ጥናት መሠረት ለአየር ንብረት ከሚያደርሱት ጫና አንጻር አንድ የወረቀት ቦርሳ ከአንድ ፌስታል የተሻለ እንዲሆን 3 ጊዜ፣ ያ ጨርቅ መሳዩ 11 ጊዜ፣ የጥጥ ቦርሳ ደግሞ 131 ጊዜ መሥራት አለበት። ጥጥ ውሃና ማዳበሪያ ጠጥቶ ነው የሚበቅለው። ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ የጨርቅ ቦርሳ እየገዙ «ፌስታል አቆምኩ» ማለት ራስን መሸንገል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ቤታችሁ ውስጥ ያለው ነው፤ አሮጌው ዘንቢል፣ የተቀደደ ነጠላ ተሰፍቶ የሚሆነው ከረጢት፣ የጤፉ ማዳበሪያ። ሱቅ ላላችሁና መግዛት ግድ ለሚሆንባችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሴቶች የወረቀት ቦርሳ የሚያመርቱበት ተኪ የሚባል ድርጅት አለ።

የሚገርመው፣ ለዛሬው ፌስታል መነሻ የሆነውን ቦርሳ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የፈለሰፈው የስዊድናዊው መሐንዲስ የስቴን ቱሊን ሐሳብ ሰው አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ደጋግሞ እንዲጠቀምበት ነበር፤ ልጁ እንደተናገረው እሱ ራሱ ሁልጊዜ አንድ ፌስታል አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር። በአንድ ቀን የሚጣል ያደረግነው እኛ ነን።

ከቤት ወጣ ብለን ወደ ሰፈር እንሂድ፤ ይህን ዝግጅት ያዘጋጀሁት በዋናነት ለዚህ ነው። ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ምን ታያላችሁ? ድንኳኑ የእድር ነው፣ አግዳሚው የእድር ነው፣ ብረት ድስቱ የእድር ነው። ውሃው ግን የታሸገ ነው፤ ለቅሶ ደራሹ በእሽግ በእሽግ እየተሸከመ ያመጣዋል። ግማሹ ተጠጥቶ ግማሹ ተከፍቶ ይቀራል፤ ማታ ልጆቹ ባዶውን ሃይላንድ በማዳበሪያ ሲሞሉ ያመሻሉ። ምግቡም ቢሆን አሁን አሁን በሚጣል ሳህን፣ በሚጣል ማንኪያ መሆን ጀምሯል። በሠርግም እንዲሁ። የእድሩ የሸክላና የብረት ሳህን፣ የብርጭቆው ሳጥን መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል።

የውጭ ሀገር ሰዎች ለአንድ ሰፈር የጋራ ሳህንና ብርጭቆ ገዝቶ የሚያከራይና የሚያጥብ ማኅበር ሲያቋቁሙ እንደ አዲስ ፈጠራ ጋዜጣ ላይ ይወጣላቸዋል። እኛ ዘንድ አያቶቻችን አቋቁመውት ሄደዋል። የጋራ ዕቃ አለ፣ ዕቃ ጠባቂ አለ፣ የጠፋ ብርጭቆ የሚከፈልበት ደንብ አለ፣ የሚያጥቡ እጆችም አሉ። ያጣነው ፈቃዱን ነው። አንዳንዶች የታሸገ ውሃ ማምጣትን የሐዘኑ መግለጫ አድርገው ያዩታል፤ ይገባኛል፣ ባዶ እጅ መሄድ ይከብዳል። በዚያው ገንዘብ ቡና፣ ስኳር ወይም ሽሮ ይዞ መሄድ ግን ለሐዘንተኛው ቤት ከሃይላንድ ይጠቅማል።

ዕቃን መልሶ መጠቀም አስቸጋሪ ነው የሚለው ሰበብ ሌላም ቦታ ውድቅ ይሆናል። አምቦ ውሃ በጠርሙስ ይገዛል፤ ባዶው ይመለሳል። ለስላሳውም ቢራውም እንደዚያው፤ ባለሱቁ ጠርሙሱን ካላመጣህ ማስያዣ ይጠይቅሃል፣ አንተም አትከራከረውም። ሃይላንድም ቢሆን እንዲህ ማስያዣ ቢኖረው አንድም መንገድ ላይ አይገኝም ነበር። ይህ ለውሃ ፋብሪካዎችና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሚተው ሥራ ነው፤ ቢዘገዩም እኛ እንጠይቃቸው።

አድማጮቻችን፣ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። አንደኛው፣ ዘንቢላችሁን ከበሩ ጀርባ ሰቅላችሁ አስቀምጡት፤ ሳጥን ውስጥ ያለ ዘንቢል ገበያ አይወጣም። ሁለተኛውና ይበልጥ የምጠብቅባችሁ፣ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባችሁ ላይ እጃችሁን አውጡና «ብርጭቆዎቻችን ለምን መጋዘን ውስጥ ተቀመጡ? ከእንግዲህ በለቅሶ ቤት ውሃ በጆግና በብርጭቆ እናቅርብ» ብላችሁ ጠይቁ። የእድር ሰብሳቢዎች፣ ጸሐፊዎችና ዕቃ ጠባቂዎች የምትሰሙን ካላችሁም አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙት፤ ውሳኔውንም ጽፋችሁ ላኩልን፣ በዚሁ ሰዓት በአየር ላይ እናነበዋለን። ለዛሬ ይብቃን፤ ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)